46 ዓመት የዘገየው የአሬታ ፍራንክሊን ፊልም

የአሬታ ፍራንክሊንን ድምፅ ሰምቶ የማያውቅ የሙዚቃ ወዳጅ ቢፈለግ አይገኝም። «ሪስፔክት» የተሰኘው ዘፈኗ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ከሬዲዮ አልጠፋም። ፊልም የሚወዱ ደግሞ በ«ዘ ብሉዝ ብራዘርስ» ውስጥ ሽርጥ ታጥቃ ባሏን ስትቆጣው ያስታውሷታል። ከፊልም ሥራዎቿ ሁሉ የሚበልጠው ግን ለብዙ ዘመን ማንም ያላየው ነበር። የተቀረጸው በ1972 ነው፤ ለሕዝብ የታየው በ2018፣ ያውም እሷ ከሞተች ከሦስት ወር በኋላ።

መዘግየቱ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አንድ የቴክኒክ ስሕተት ነው። ስሕተቱ እውነት ነው፤ ፊልሙን የያዘው ግን እሱ ብቻ አልነበረም። የቀረውን ለመረዳት ታሪኩን ከአባቷ ቤተ ክርስቲያን መጀመር ያስፈልጋል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1946 እስከ 1960፦ በሸክላ የታተመ ስብከት

አሬታ በ1942 በሜምፊስ ከተማ፣ ቴነሲ ውስጥ ተወለደች። አባቷ ቄስ ሲ. ኤል. ፍራንክሊን በ1946 በዲትሮይት የኒው ቤተል ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኑ። ዲትሮይት ያን ጊዜ የመኪና ፋብሪካ ከተማ ናት፤ ከደቡብ ግዛቶች ሥራ ፍለጋ የተሰደዱ ጥቁር አሜሪካውያን በየዓመቱ ይጎርፉባት ነበር። ቄስ ፍራንክሊን ለእነዚህ ሰዎች የሚሰብኩት በንግግር ጀምረው ወደ ዜማ እየተሸጋገሩ ነው። ስብከቱ ሲግል ቃሉ ከዜማው አይለይም።

ይህን ስብከት ጆ ቮን ባትል የተባለ በሄስቲንግስ ጎዳና የሸክላ መደብር የነበረው ነጋዴ እየቀዳ ማተም ጀመረ። ስብከት እንደ ዘፈን በሸክላ ተሸጠ፣ በሬዲዮ ተሰማ፣ ቄሱም በአገሩ ሁሉ የታወቁ ሰው ሆኑ። ስለ ንስርና ስለ ጎጆዋ የሰበኩት ስብከት ዛሬ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከሚጠበቁ የአገሪቱ የድምፅ ቅርሶች አንዱ ነው። ስለዚህ አሬታ ገና ሕፃን ሳለች ሁለት ነገር በዓይኗ አይታለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚሰማ ድምፅ ሊቀዳ እንደሚችል፣ የተቀዳ ድምፅም ገንዘብ እንደሚያመጣ። ገንዘቡ ማን እጅ እንደሚገባ የሚለው ጥያቄ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አልተለያትም።

ቤታቸው ከእንግዳ ተለይቶ አያውቅም። እንደ ማሄሊያ ጃክሰን፣ ዳይና ዋሽንግተንና ሳም ኩክ ያሉ ድምፃውያን ይመላለሱበት ነበር። ከእነዚህ ሁሉ የልጅቷን ልብ የሰረቀችው ዘማሪት ክላራ ዋርድ ናት፤ በአክስቷ ቀብር ላይ ክላራ ስትዘምር ከሰማች በኋላ እኔም ይህንኑ ነው የምሆነው ብላ እንደወሰነች አሬታ ራሷ ተናግራለች። ከቤታቸው ሰንብቶ የነበረው ወጣቱ ጄምስ ክሊቭላንድ ደግሞ ፒያኖ አስጠናት። ሁለቱም ስሞች ከታች ይመለሳሉ።

እናቷ ባርባራ በ1948 ከአባቷ ተለይታ ሄዳ በ1952 አረፈች። አሬታ ገና 10 ዓመት አልሞላትም። በ1956፣ በ14 ዓመቷ፣ እዚያው ኒው ቤተል ውስጥ የመጀመሪያዎቹን መዝሙሮች ቀዳች። ከእነሱ አንዱ «ኔቨር ግሮው ኦልድ» ነበር፤ ስለማያረጁበት አገር የሚዘምር የቆየ መዝሙር።

ከ1960 እስከ 1971፦ ወደ ዘፈኑ ዓለም

በ18 ዓመቷ ኒው ዮርክ ሄዳ ከኮሎምቢያ ኩባንያ ጋር ተፈራረመች። ስድስት ዓመት ያህል አለሰለሷት፤ የጃዝና የመድረክ ዘፈን አስዘፈኗት፣ ስሟ ግን ከፍ አላለም። ለውጡ የመጣው ወደ አትላንቲክ ስትዛወር ነው። አሳታሚው ጄሪ ዌክስለር በ1967 መጀመሪያ ወደ አላባማ ወስዶ ፒያኖው ላይ አስቀመጣትና እንደ ቤተ ክርስቲያንሽ ተጫወቺ አላት። በዚያው ዓመት የኦቲስ ሬዲንግን «ሪስፔክት» ወስዳ የራሷ አደረገችው። በ1968 የ«ታይም» መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣች፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉም በመታሰቢያቸው ላይ ዘመረች።

እኛ አገር ዘፈንና መዝሙር መካከል ያለው አጥር ጥብቅ ነው። ሙሉቀን መለሰም ሆነ ሒሩት በቀለ ወደ መዝሙር ሲሄዱ ዘፈኑን ጥለው ነው የሄዱት፤ አድማጭም እንደ ስንብት ነው የተቀበለው። በጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናትም ይህ አጥር ነበር፤ ሳም ኩክ ወደ ዘፈን ሲሻገር ብዙ ምእመን ተቆጥቶበታል። የአሬታ ዕድል አባቷ ናቸው። ያንን የሚያህል ሰባኪ ልጄ ትዝፈን ብሎ ከጎኗ ሲቆም ደፍሮ የሚነቅፍ ጥቂት ነበር።

በማርች 1971 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ፊልሞር ዌስት በተባለው አዳራሽ ሦስት ሌሊት ዘፈነች። ታዳሚው አብዛኛው ነጭ ወጣት፣ የሮክ ሙዚቃ ወዳጅ ነው። በመጨረሻው ሌሊት ሬይ ቻርልስ ወደ መድረክ ወጥቶ አብሯት ተጫወተ። ከዚያ የወጣው አልበም አንድ ነገር አረጋገጠ፦ አሬታ ከስቱዲዮ ይልቅ መልስ የሚሰጥ ሕዝብ ፊት ስትሆን ትበልጣለች። እንግዲህ ከእሷ ጋር አብሮ የሚዘምር ሕዝብ የት ይገኛል ቢባል መልሱ ግልጽ ነው።

ጃንዋሪ 1972፦ ሁለቱ ሌሊቶች

አሬታ የመዝሙር አልበም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ምእመን ባለበት ልትቀዳ እንደሆነ ሲሰማ የፊልም ሰዎች ጆሮ ቆመ። አትላንቲክ የዋርነር ንብረት ነው፤ ዋርነር ብራዘርስ ደግሞ በ1970 «ዉድስቶክ» የተሰኘውን የሙዚቃ ድግስ ፊልም አውጥቶ ብዙ ትርፍ ዝቆበት ነበር። ሁለተኛ «ዉድስቶክ» ቢገኝ ማን ይጠላል! ሥራው ለሲድኒ ፖላክ ተሰጠ። ፖላክ በ1969 ባወጣው የዳንስ ውድድር ፊልም ለኦስካር የታጨ የልብ ወለድ ፊልም አዘጋጅ ነው።

ቦታው በሎስ አንጀለስ ዋትስ ሠፈር ያለው ኒው ቴምፕል ሚሽነሪ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነበር። ዋትስ በ1965 ለ34 ሰዎች ሞት ምክንያት የሆነው ሁከት የተነሣበት ሠፈር ነው። ሕንፃው ራሱ ድሮ ሲኒማ ቤት ነበር። ለፊልም ቀራጮቹ መልካም ምልክት ይመስል ነበር፤ አልሆነም እንጂ።

የመዘምራኑ ኃላፊና የሌሊቱ መሪ ያ ፒያኖ ያስጠናት ጄምስ ክሊቭላንድ ነው፤ አሁን ቄስና የታወቁ የመዝሙር ሰው ሆነዋል። ሕዝቡን ካሜራ አለና ሞቅ በሉ አሉት፤ ወዲያው ደግሞ የመጣችሁት ለአምልኮ መሆኑን አትርሱ ብለው አሳሰቡ። የደቡብ ካሊፎርኒያ ማኅበረሰብ መዘምራን በአሌክሳንደር ሃሚልተን መሪነት ከኋላ ተሰለፈ። ሙዚቀኞቹ ግን የዘፈን ቤት ሰዎች ናቸው፦ ጊታሪስቱ ኮርኔል ዱፕሪ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ቸክ ሬይኒ፣ ድራመሩ በርናርድ ፐርዲ። የማርቪን ጌይ «ሆሊ ሆሊ» እና የካሮል ኪንግ «ዩቭ ጋት ኤ ፍሬንድ» እንኳ፣ ሁለቱም የዘፈን ገበያ ሥራዎች፣ በዚያ ሌሊት መዝሙር ሆነው ቀረቡ። የካሮል ኪንግን ዜማ ከአንድ የቆየ ጸሎት መሰል መዝሙር ጋር አጣምራ ስትዘምረው የት ላይ እንደተሰፉ ለመለየት ያስቸግራል።

በፊልሙ ውስጥ አሬታ አትናገርም ማለት ይቻላል። ትመጣለች፣ ፒያኖው ላይ ወይም ምስባኩ ጋ ትቆማለች፣ ዓይኗን ጨፍና ትዘምራለች። 29 ዓመቷ ነው፤ በአሜሪካ ከእሷ በላይ የታወቀች ጥቁር ዘፋኝ የለችም፤ ፊቷ ላይ ግን እንደ ማንኛዋም የመዘምራን አባል ያለ ጭንቀት ይነበባል። «አሜዚንግ ግሬስ»ን ስትጀምር በአንድ ስንኝ ላይ ብቻ ደቂቃ ታሳልፋለች። መዝሙሩ ወደ 11 ደቂቃ ይጠጋል። መካከሉ ላይ ክሊቭላንድ ፒያኖውን መቀጠል አቅቷቸው ተቀምጠው በመሐረብ ፊታቸውን ሸፍነው ያለቅሳሉ።

በሁለተኛው ሌሊት አባቷ መጡ፤ አብራቸው ክላራ ዋርድ። ከኋላ ወንበር ላይ ደግሞ ሁለት እንግሊዛውያን አሉ፣ የሮሊንግ ስቶንስ ባልደረቦች ሚክ ጃገርና ቻርሊ ዋትስ። ቄስ ፍራንክሊን ተነሥተው ልጃቸው ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ እንደማታውቅ ለሕዝቡ መሰከሩ። እኔ ከፊልሙ ሁሉ የምመርጠው ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። አሬታ ፒያኖው ላይ ተቀምጣ በ14 ዓመቷ የቀዳችውን «ኔቨር ግሮው ኦልድ» ትዘምራለች፤ አባት ቀስ ብለው ተጠግተው ፊቷ ላይ የወረደውን ላብ በጨርቅ ያብሱላታል። እሷ አታቋርጥም፤ እሳቸውም አይቸኩሉም።

ከ1972 እስከ 1979፦ የጠፋው ምልክት

በዚያ ዘመን የፊልም ካሜራ ድምፅ አይቀዳም። ምስሉ በአንድ መሣሪያ ፊልም ላይ፣ ድምፁ በሌላ መሣሪያ ቴፕ ላይ ነው የሚቀረጸው። ሁለቱን ለማገናኘት በእያንዳንዱ ቀረጻ መጀመሪያ «ክላፕ» የተባለው ሰሌዳ ካሜራ ፊት ይመታል፤ ሰሌዳው ሲጋጠም የታየበት ምስልና «ጧ» ያለበት ድምፅ አንድ ላይ ይያያዛሉ። ፖላክ በሁለቱ ሌሊቶች ይህን አላስደረገም። ብዙ ካሜራዎች ናቸው፤ የአንዱ የፊልም ጥቅል በ11 ደቂቃ ገደማ ያልቃል፤ ይቆማል፣ ይቀየራል፣ እንደገና ይነሣል። ወደ 20 ሰዓት የሚደርስ ምስል ተቀረጸ፤ የትኛው ምስል ከየትኛው ድምፅ እንደሚገጥም የሚያሳይ ምልክት ግን አልነበረውም።

ከንፈር የሚያነቡ ባለሙያዎች ተቀጠሩ። የመዘምራኑ መሪ ሃሚልተንም ምስሉን እያዩ የትኛው መዝሙር እንደሆነ እንዲለዩ ተጠሩ። ወራት አለፉ፤ አልሆነም። ፊልሙ «ሱፐር ፍላይ» ከተባለው ፊልም ጋር ተጣምሮ እንዲታይ ታስቦ የነበረው ዕቅድ ተሠረዘና ጥቅሎቹ ወደ ዋርነር መጋዘን ገቡ።

ድምፁ ግን በአትላንቲክ ሰዎች እጅ በሚገባ ተቀድቶ ነበር። አልበሙ በጁን 1972 ወጣ፤ በአሜሪካ ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ በዕድሜዋ ካወጣቻቸው አልበሞች ሁሉ የበለጠ የተሸጠው ይኸው ነው። የግራሚ ሽልማትም አገኘ። እዚያው ሎስ አንጀለስ በዚያው ዓመት ኦገስት የተቀረጸው «ዋትስታክስ» የተባለው የሶል ሙዚቃ ፊልም በቀጣዩ ዓመት ሲኒማ ቤት ደረሰ፤ እዚያ ላይ ዘፋኙን አይዛክ ሄይስን ያየ ሁሉ አሬታን ማየት አልቻለም። ክላራ ዋርድ በ1973 መጀመሪያ ላይ አረፈች። ፖላክ ወደ ልብ ወለዱ ተመልሶ በኋላ ኬንያ ውስጥ በቀረጸው «አውት ኦፍ አፍሪካ» ኦስካር ወሰደ።

1980፦ ሽርጥ የታጠቀችው አሬታ

የሰባዎቹ መጨረሻ ለአሬታ መጥፎ ነበር። ዲስኮ መጥቶ ሶልን ከገበያ ገፋው፤ ከአትላንቲክ ጋር ተለያየች። በጁን 1979 ቤታቸው የገቡ ሌቦች አባቷን በጥይት መቷቸው፤ ቄሱ አምስት ዓመት ራሳቸውን ስተው ቆይተው በ1984 ዐረፉ።

አባቷ አልጋ ላይ ባሉበት በ1979 ነው የፊልም አዘጋጁ ጆን ላንዲስ በቺካጎ «ዘ ብሉዝ ብራዘርስ»ን የቀረጸው። አሬታ የምግብ ቤት ባለቤት ሆና ትጫወታለች። ባሏ ከድሮ ጓደኞቹ ጋር ሙዚቃ ሊጫወት ጥሏት ሊሄድ ሲል በ1968 ባወጣችው «ቲንክ» ትገስጸዋለች፤ በሽርጧና በነጠላ ጫማዋ። ለአጭር ጊዜ ናት፣ ግን ፊልሙን ካዩት ሰዎች ግማሹ ከዚያ ሌላ ነገር አያስታውስም።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ላንዲስ እንደተናገረው አሬታ አስቀድሞ የተቀዳውን የራሷን ድምፅ ተከትላ ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ይቸግራት ነበር፤ አንድን ዘፈን ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ዘፍና ስለማታውቅ። ዋርነር ቤት ከንፈር አንባቢዎቹ ድምፁን ከከንፈሯ ማገናኘት አቃታቸው፤ ቺካጎ ላይ እሷ ራሷ ከንፈሯን ከድምፁ ማገናኘት አቃታት።

ፊልሙ ግን አነሣት። አዲስ ትውልድ አወቃት፣ ወደ አሪስታ ኩባንያ ገባች፣ በሰማንያዎቹ አጋማሽ ዘፈኖቿ ከደረጃው አናት አካባቢ ተመለሱ።

ከ1987 እስከ 2007

በ1987 የሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ ውስጥ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በዚያው ዓመት በአባቷ ቤተ ክርስቲያን የተቀዳ ሁለተኛ ትልቅ የመዝሙር አልበም አወጣች፤ አዘጋጇም ራሷ ነበረች። በ1998 የግራሚ ምሽት የኦፔራ ዘፋኙ ፓቫሮቲ ሲታመም በጥቂት ደቂቃዎች ማስጠንቀቂያ መድረክ ወጥታ «ነሱን ዶርማ»ን በእሱ ቅኝት ዘፈነች። ጄምስ ክሊቭላንድ በ1991 አርፈው ነበር። ጥቅሎቹ አሁንም መጋዘን ናቸው።

ከ2007 እስከ 2015፦ የፍርድ ቤት ዓመታት

አለን ኤሊዮት የተባለ የአትላንቲክ ባልደረባ የነበረ አዘጋጅ ስለ ጥቅሎቹ የሰማው ከጄሪ ዌክስለር ነው። በ2007 ከዋርነር ገዛቸው፤ ለዚህም ቤቱን አስይዞ ተበደረ። ፖላክ በጎ ፈቃዱን ሰጠው፤ በ2008 ግን በካንሰር ሞተ። ዌክስለርም በዚያው ዓመት አረፈ። በሰባዎቹ ሰው ያቃተውን ሥራ ኮምፒውተር ቻለው፤ ምስልና ድምፅ ተገጣጠሙ።

ሰዎች ብዙ ጊዜ ታሪኩን የሚጨርሱት እዚህ ላይ ነው። አሬታ ግን በ2011 ኤሊዮትን ከሰሰች። ያ ክስ በስምምነት አለቀ። በ2015 ፊልሙ በቴሉራይድ የፊልም በዓል ሊታይ ሰዓታት ሲቀሩት ዴንቨር ያለ የፌዴራል ዳኛ በእሷ ጥያቄ አገደው፤ የቶሮንቶና የቺካጎ ዝግጅቶችም ቀሩ። ጠበቆቿ የተከራከሩት ያለ ፈቃዷ ሙሉ የመድረክ ሥራዋን መሸጥ አይቻልም ብለው ነው። ለዲትሮይት ጋዜጣ በዚያው ሰሞን ፊልሙን እንደምትወደው ተናገረች። ጸቧ ከፊልሙ ጋር አልነበረም ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ አስቸጋሪ አሮጊት አድርገው የጻፉባት አልጠፉም። እኔ አልስማማም። አሬታ ክፍያዋን አስቀድማ በጥሬ ገንዘብ ተቀብላ በእጅ ቦርሳዋ ይዛ መድረክ የምትወጣ ዘፋኝ ነበረች፤ ሲታተሙላቸው ኖረው ባዶ እጃቸውን የሞቱ ጥቁር ሙዚቀኞችን አይታ ያደገች ናት። ድምፃቸው በሸክላ ሲሸጥ ያየቻቸው የገዛ አባቷ ናቸው። ሁለት ሌሊት ያፈሰሰችውን ላብ ሌላ ሰው ገዛሁት ሲላት ዝም እንድትል መጠበቅ የዋህነት ነው። ኤሊዮት ለሥራው የከፈለው መሥዋዕትነት ምስጋና ይገባዋል፤ ዳኛውም የወሰነው ትክክል ነበር።

ከእገዳው ሦስት ወር በኋላ በኬኔዲ ማዕከል ካሮል ኪንግ ስትከበር አሬታ በፀጉር ካባ ገባች፣ ቦርሳዋን ፒያኖው ላይ አስቀመጠች፣ «ናቹራል ዉማን»ን ዘፈነች። ፕሬዚዳንት ኦባማ እንባቸውን ሲጠርጉ ታዩ። ያ ቪዲዮ በዓለም ዙሪያ ተመላለሰ፤ ፈቅዳ የተቀረጸችው ስለነበር ማንም አልከለከለውም።

ከ2018 ወዲህ

አሬታ ኦገስት 16 ቀን 2018 በዲትሮይት በቆሽት ካንሰር አረፈች፤ 76 ዓመቷ ነበር። የውርስ አስተዳዳሪ የሆነችው የእህቷ ልጅ ፊልሙን አይታ ከኤሊዮት ጋር ተስማማች። ፊልሙ «አሜዚንግ ግሬስ» ተብሎ በኖቬምበር 2018 በኒው ዮርክ ዶክ ኤንዋይሲ በተባለው የዘጋቢ ፊልሞች በዓል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ በ2019 በርሊን ደረሰና ወደ ሲኒማ ቤቶች ወጣ። በ2021 ደግሞ ጄኒፈር ሃድሰን አሬታን ሆና የተጫወተችበት «ሪስፔክት» የተባለው ፊልም ወጣ፤ እሱም የሚያበቃው በዚያው የዋትስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሃድሰን ጥሩ ሠርታለች፤ እውነተኛው በእጅ ካለ በኋላ ግን የተወነው ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም።

የ2018ቱ ፊልም 87 ደቂቃ ያህል ነው፤ የሁለቱን ሌሊቶች ሁሉ አልያዘም። ማየት የሚሻ አንባቢ በስልክ ሳይሆን ደህና ድምፅ ማጉያ ባለበት ይየው። ከዚያ በ1999 ሁለቱ ሌሊቶች ተሟልተው የታተሙበትን የድምፅ ቅጂ ፈልጎ ያድምጥ፤ ፊልሙ የቆረጠው እዚያ አለ።